የዓምና አመዳይ

ያገራችን ሰው በክረምት ጣራውን የሚቀጠቅጠውን ነጭ ጠጠርም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውን ብርጭቆ መሳይ ድንጋይም፣ በፊልም ላይ የሚያየውን የሰሜን ዋልታ ነጭ ሜዳም በአንድ ቃል «በረዶ» ብሎ ይገላገላል። በዚህ አይታማም። ቃል የሚበዛው ነገሩ በሚበዛበት አገር ነው። እኛ ጤፉን ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ እያልን ስንለይ፣ ለስዊስ ገበሬ ሁሉም ያው ደቃቅ ፍሬ ነው። እሱ ደግሞ በፈንታው እኛ በአንድ ስም የጠራነውን ነገር ብዙ ቦታ ይሸነሽነዋል።

ያም ሆኖ አማርኛችን ጨርሶ ባዶ እጁን አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን የገለጠ ሁሉ «አመዳይ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ የነጭ ነገር ሁሉ ምሳሌ እሱ ነው። እንግዲህ እንዳንጣላ አስቀድመን እንስማማ። እንደ ባዘቶ ብን እያለ የሚወርደውን «አመዳይ»፣ ጠጥሮ ድንጋይ የሆነውን «በረዶ»፣ ከተራራ ላይ እየተንፏቀቀ የሚወርደውን ደግሞ «ግግር በረዶ» እንበለው። ችግሩ በአመዳይና በበረዶ መካከል አንድ ሌላ ነገር መኖሩ ነው። አመዳይ እንዳንለው ጠጥሯል፤ በረዶ እንዳንለው አየር ያልፍበታል፤ ውኃ እንዳንለው አይፈስም፣ ውኃን ግን በሆዱ ይይዛል።

በአልፕስ ተራሮች የሚኖሩ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ይህን ነገር «ፊርን» ብለውታል። ትርጉሙም «የዓምና» ማለት ነው። ዘንድሮ የወረደ ሳይሆን ዓምና ወርዶ ሳይቀልጥ የተገኘ አመዳይ ነው። የኛም ቋንቋ ይህን ሐሳብ አያጣውም። «እንዴት ከረምህ?» ብለን ስንጠያየቅ እኮ «ክፉውን ወቅት እንዴት አለፍኸው?» ማለታችን ነው። ለኛ ክፉው ወቅት ክረምት ነው፤ ለአመዳይ ግን ክፉው ወቅት በጋ ነው፣ ፀሐይ ናት። አንድ በጋ ችሎ ያለፈ አመዳይ ከረመ፤ የከረመ አመዳይ ፊርን ሆነ። ሳይንቲስቶች ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መነሻ ትርጉም የላቸውም፤ ቃሉንም እንዳለ ነው የወሰዱት።

ይህ ጽሑፍ የዓምና አመዳይ ምን እንደሆነ ሰው እንዴት እንደተረዳ የሚተርክ ነው። ታሪኩ ከሁለት መቶ ዓመት ትንሽ ይበልጣል። ሕይወትም አስከፍሏል። አንድ ነገር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ይከተለዋል፤ አስቀድሞ ያየው ሰውና በመጽሐፍ ላይ ስሙ የታተመው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። (የዓመታቱ አቆጣጠር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ነገሩ ምንድን ነው?

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ነገሩን እንወቀው። ቁመቱም ጎኑም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን እንያዝ። ውኃ ብንሞላበት 1000 ኪሎ ይመዝናል። አዲስ የወረደ ደረቅ አመዳይ ብንሞላበት ግን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ቢሆን ነው፤ የቀረው አየር ነው። ታዲያ ሌላ አመዳይ ከላይ ሲወርድበት የታችኛው ይጫናል። ባለ ስድስት ክንፉ ቅንጣት ክንፎቹ ይሰበራሉ፣ ይድቦለቦላል፣ እንደ ስኳር ፍሬ ይሆናል። ፍሬዎቹ በሚነካኩበት ቦታ ሁሉ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሣጥኑ 400 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ፊርን ለመባል በቅቷል። ሆኖም በፍሬዎቹ መካከል አየር እንደ ልቡ ይመላለሳል፣ ልክ በጎተራ ውስጥ በእህል ፍሬ መካከል እንደሚመላለስ። ክብደቱ ወደ 830 ኪሎ ሲጠጋ መተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ፤ አየሩም በአረፋ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ስሙ በረዶ ነው። አንዳች አየር የሌለበት ንጹሕ በረዶ 917 ኪሎ ይመዝናል። ከውኃ የሚቀል በመሆኑም ነው የሚንሳፈፈው።

ከአመዳይ ወደ በረዶ የሚያደርሰው መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የእርጥብ መንገድ ነው። በበጋ ከላይ የቀለጠው ውኃ በፊርኑ ቀዳዳዎች ይሰርጋል፣ ከሥር ያለው ብርድ ያገኘውና መልሶ ይረጋል፣ ቀዳዳውንም ይደፍናል። በአልፕስ በዚህ መንገድ አመዳይ በጥቂት ዓመታት ወይም ቢዘገይ በጥቂት አሥርት ዓመታት በረዶ ይሆናል። ሁለተኛው የደረቅ መንገድ ነው። በግሪንላንድ መካከልና በአንታርክቲካ ፀሐይ እምብዛም አታቀልጥም፤ ሥራው ከሞላ ጎደል የክብደት ነው። እዚያ ነገሩ መቶዎች ዓመታት፣ በደረቁ አንታርክቲካ ደግሞ ሺህ ዓመታት ይፈጃል።

እንግዲህ ውኃ ለአመዳይ ጠላቱም ነው፣ ግንበኛውም ነው። የቀለጠ ሁሉ አልጠፋም። ፊርን ማለት ውኃን እንደሚጠጣ እንጀራ ነው፤ ዓይኑ እስካለ ድረስ ወጡን ይጠጣል፣ ጠብ አያደርግም። ይህን ምሳሌ አንባቢ ያዝልኝ፣ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

አዳኙና ፕሮፌሰሩ

በ1815 ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው አገር ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱና ጋዙ ሰማዩን ስለጋረደው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1816፣ አውሮፓ በጋ የሌለበት ዓመት አሳለፈች። እህል ሳይበስል ቀረ፣ ሕዝብ ተራበ። በስዊስ ተራሮች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ፤ አመዳዩ ሳይቀልጥ ከረመ። ዓምና የቀረው ላይ የዘንድሮው ተጨመረበት። ግግሮቹ አበጡ፣ ወደ ሸለቆም ገፉ።

በቫሌ አውራጃ በባኝ ሸለቆ አናት ላይ ዤትሮ የሚባል ግግር በረዶ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከጫፉ እየተገመሰ የወደቀው በረዶ ከናዳው አመዳይ ጋር ገደሉ ሥር ተከመረ፣ ተጠቀጠቀ፣ በ1818 የጸደይ ወራትም የድራንስን ወንዝ ዘጋው። ከኋላው ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሐይቅ ተኛ። የአውራጃው መሐንዲስ ኢግናትስ ቬኔትስ ሠራተኞቹን ይዞ ወጣና በበረዶው ግድብ ውስጥ ዋሻ አስቆፈረ። ዋሻው የሐይቁን አንድ ሦስተኛ ያህል በሰላም አፈሰሰው። የቀረው ግን ጁን 16 ቀን 1818 ግድቡን ጥሶ ወጣ። አርባ ያህል ሰው አለቀ። ቤት፣ ድልድይ፣ ከብት፣ ማሳ ተጠርጎ ማርቲኒ ከተማ ድረስ ወረደ። ዋሻው ባይቆፈር ኖሮ ጥፋቱ ምን ያህል ይሆን እንደነበር ማሰብ አያዳግትም።

በዚያው ሸለቆ ሉርትዬ በምትባል መንደር ዣን ፒዬር ፔሮዳን የሚባል የሚዳቋ አዳኝ ይኖር ነበር። ፔሮዳን ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ዕድሜውን ሙሉ ግን ግግር በረዶ እየተሻገረ አድኗል። ሸለቆው ውስጥ ከአካባቢው ዓለት ጋር የማይመሳሰሉ ግዙፍ ድንጋዮች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጠው አየ። በዓለቱም ላይ የተጫረ መስመር አየ። ዛሬ ግግሩ በሚነካው ዓለት ላይ የሚያየው ጭረት ያው ነው። ስለዚህ፣ አለ ፔሮዳን፣ ጥንት ግግሩ ይህን ሸለቆ ሁሉ ሞልቶ እስከ ማርቲኒ ይደርስ ነበር።

በ1815 ይህን ሐሳቡን ዣን ደ ሻርፓንትዬ ለተባለ ምሁር አጫወተው። ሻርፓንትዬ በቤ ከተማ የጨው ማዕድን ሹም ነበር፤ በአዳኙ ጎጆ አድሮ ነው የተጨዋወቱት። ሰምቶም ናቀው፤ ለማሰብ እንኳ የማይበቃ ቅዠት መሰለው። ቬኔትስ ግን ሰማው። ተመራመረበት፣ አመነበት፣ በ1829ም ለስዊስ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር አቀረበው። ሻርፓንትዬ የቬኔትስን ስሕተት ላሳይ ብሎ ተነሳና እሱው ራሱ አመነ። በ1836 ደግሞ ሉዊ አጋሲ የተባለው ወጣት ፕሮፌሰር ሻርፓንትዬን ስሕተት ነህ ለማለት ሄዶ ተማርኮ ተመለሰ። አጋሲ በ1837 ኖሻቴል ከተማ ላይ ንግግር አደረገ፣ በ1840 መጽሐፉን አሳተመ፣ «የበረዶ ዘመን» የሚለውም ሐሳብ በዓለም ላይ በእሱ ስም ናኘ። የሻርፓንትዬ መጽሐፍ በ1841 ወጣ፤ አንድ ዓመት ዘገየ፣ አለቀለት። ሻርፓንትዬን ግን ለሐቀኝነቱ ማመስገን ይገባል፤ ሐሳቡን በመጀመሪያ ከፔሮዳን እንደሰማና እንደናቀው በዚያው መጽሐፉ ጽፎታል። አዳኙ ዛሬ በታሪክ የሚታወቀው ሻርፓንትዬ አፉን ሞልቶ ስለመሰከረለት ነው።

የአጋሲን ነገር በአንድ ቃል ሳላነሳው አላልፍም። በ1846 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያም ጥቁርና ነጭ የሰው ልጆች ለየብቻ ተፈጠሩ የሚል ትምህርት አስተማረ፤ ይህንኑ ለማስረዳትም በ1850 በሳውዝ ካሮላይና ባሮች የሆኑ ሰዎችን ራቁታቸውን ፎቶግራፍ አስነሳ። በድንጋይ ላይ ያለችውን ጭረት አንብቦ የዘመናትን ታሪክ የተረዳ ዓይን ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ሰውነት ማየት ተሳነው። ኖሻቴል ከተማ በ2019 በስሙ ይጠራ የነበረውን አደባባይ ስሙን ለውጣ ቲሎ ፍሬይ ብላዋለች። ቲሎ ፍሬይ በካሜሩን የተወለደች፣ በ1971 በስዊስ ፓርላማ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት።

ወደ በረዶው እንመለስ። ግግሩ መጓዙን ሁሉም ያውቃል፤ ምን ይገፋዋል የሚለው ግን አከራከረ። ሻርፓንትዬና አጋሲ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ሲረጋ ስለሚያብጥ ያ ነው የሚገፋው አሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ፎርብስ በ1842 በፈረንሳይ አልፕስ መለኪያውን ተክሎ ቀን በቀን ለካና ግግሩ በገዛ ክብደቱ እንደ ወፍራም ማር የሚፈስ መሆኑን አሳየ፤ መካከሉ ይፈጥናል፣ ዳርና ዳሩ ይዘገያል። ከላይ የተከመረው የዓምና አመዳይ ነው ከታች ያለውን ግግር የሚመግበው። ምግቡ ሲቋረጥ ግግሩ የሚበላው የገዛ ሰውነቱን ነው።

በፊርን ውስጥ የከረሙ ሦስት ሰዎች

ከአልፕስ ወደ ግሪንላንድ እንሻገር፤ ከእርጥቡ መንገድ ወደ ደረቁ መንገድ ማለት ነው። በ1930 ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር፣ ያ አህጉራት ይንሸራተታሉ ያለው ሰው፣ በግሪንላንድ መካከል ከባሕሩ ዳር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ጣቢያ አቋቋመ። ስሙን አይስሚተ፣ «የበረዶው መካከል» አሉት። ዓላማው ዓመቱን ሙሉ አየሩንና በረዶውን መለካት ነበር።

ዕቅዱ ተዛባ። ተሠርቶ ሊመጣላቸው የነበረው ቤት ሳይደርስ ቀረ፣ ነዳጁም አልበቃም። ዮሃነስ ጌኦርጊና ኤርንስት ዞርገ የተባሉት ሁለቱ ሰዎች ምን ያድርጉ? መሬት የለም፣ እንጨት የለም፣ ድንጋይ የለም። ያለው ፊርን ብቻ ነው። ፊርኑን ቆፍረው ገቡበት፣ መኝታቸውንም ጠረጴዛቸውንም ከዚያው ከፊርኑ ጠርበው ሠሩ። በክረምቱ ውጭው ከዜሮ በታች ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ እነሱ ከሞት የተረፉት ያ ከሥራቸው ያለው የተጠቀጠቀ አመዳይ አየር ስለያዘና ብርዱን ስላላሳለፈው ነው። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው በጥጡ ሳይሆን በመካከሉ በያዘው አየር ነው፤ የፊርንም ነገር ይኸው ነው።

ቬገነር ስንቅና ነዳጅ ሊያደርስላቸው በሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ በውሻ በሚጎተቱ 15 ተንሸራታቾች ተነሳ። ብርዱ ስለበረታ ከተከተሉት 13 ግሪንላንዳውያን 12ቱ ተመለሱ። አንዱ ብቻ ቀረ፤ ራስሙስ ቪሉምሰን ይባላል፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ነበር፣ እንደኛው። ቬገነር፣ ፍሪትስ ሎቨና ቪሉምሰን ኦክቶበር 30 ቀን አይስሚተ ደረሱ። የሎቨ የእግር ጣቶች በብርድ ሞተው ስለነበር ጓደኞቹ በሰንጢና በቆርቆሮ መቀስ ቆረጡለት። ለአምስት ሰው የሚበቃ ስንቅ አልነበረም። ኖቬምበር 1 ቀን ቬገነር 50 ዓመት በሞላው ዕለት ከቪሉምሰን ጋር በ17 ውሻና በሁለት ተንሸራታች የመልስ ጉዞ ጀመሩ። አልደረሱም።

በሜይ 1931 የቬገነር አስከሬን መንገዱ ግማሽ ላይ ተገኘ። በክብር ተገንዞ፣ አመዳይ ውስጥ ተቀብሮ፣ ምልክት እንዲሆን የገዛ ስኪው ተተክሎበት ነበር። ይህን ያደረገው ቪሉምሰን ነው፤ ብቻውን፣ በዚያ ብርድ። የቬገነርን ማስታወሻ ይዞ ጉዞውን ቀጠለ። ቪሉምሰንም ማስታወሻውም እስከ ዛሬ አልተገኙም። ዓምና የወረደው አመዳይ በላዩ ከርሞበት፣ ይኸው ወደ መቶ ዓመት ሊጠጋ ነው።

በዚያ ክረምት ነው እንግዲህ ዞርገ አካፋውን አንስቶ ከዋሻው ወለል ወደ ታች መቆፈር የጀመረው። በየጥቂቱ እየጠረበ እያወጣ መዘነ፣ ጻፈ፣ ቆፈረ። 15 ሜትር ያህል ወረደ። የበጋው ንብርና የክረምቱ ንብር በክብደትና በፍሬ መጠን ይለያይ ስለነበር ዓመታቱን እንደ ዛፍ ቀለበት ቆጠራቸው፤ 20 ዓመት ያህል አገኘ። ንብሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እንዴት እንደሚከብድ በእጁ ለክቶ ያሳየው እሱ ነው። አንሪ ባደር የተባለ ስዊሳዊ በ1954 ከዚህ ሥራ «የዞርገ ሕግ» የሚባለውን አወጣ። ሕጉ የአየሩ ጠባይ እስካልተለወጠ ድረስ በአንድ የተወሰነ ጥልቀት ላይ ያለው ክብደት ዘወትር ያው ነው ይላል። ነገሩን ለመረዳት ግቢያችንን ማየት ይበቃል። በየዓመቱ ፍሬሽማን ይገባል፣ ያለፈው ወደ ሁለተኛ ዓመት ይወርዳል፣ ከሥር ያለው ይመረቃል። ሰዉ ይለዋወጣል እንጂ ሁለተኛ ዓመት ሁልጊዜ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ሬጅስትራሩ ደንቡን እስካልለወጠ ድረስ።

የታሰረ አየር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግሪንላንድ የኃያላን ዓይን ገባባት። የአሜሪካ ጦር ከ1959 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ፊርን ውስጥ ካምፕ ሴንቸሪ የሚባል ከተማ መሰል ጣቢያ ቆፈረ፤ የኑክሌር ማመንጫ ሳይቀር አስገባበት። ለዓለም የሳይንስ ጣቢያ ነው ተባለ። እስከ 600 የሚደርሱ ሚሳይሎች በበረዶው ሥር ለመደበቅ ታስቦ የነበረው ምሥጢር ያኔ አልተነገረም፤ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። ዕቅዱን ያከሸፈው ፊርኑ ነው። የተጠቀጠቀ አመዳይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይጫናል፣ ይፈሳል። የዋሻው ግድግዳ ቀን በቀን እየጠበበ፣ ጣራው እየወረደ መጣ። ወታደሩ እየፋቀ ቢያወጣ ማን ሊችለው! በ1967 ጥለውት ወጡ።

አንድ ነገር ግን ተረፈ። በ1966 መሐንዲሶቹ ወደ 1390 ሜትር ቆፍረው ከግሪንላንድ በረዶ ወለል ላይ ደረሱ፣ ረጅም የበረዶ ዘንግም አወጡ። ቪሊ ዳንስጎር የተባለ ዴንማርካዊ ዘንጉን ስጡኝ አለ። ይህ ሰው በ1952 በኮፐንሐገን ደጁ ላይ የቢራ ጠርሙስ አስቀምጦ፣ ማንቆርቆሪያ ሰክቶበት፣ የዝናብ ውኃ ያጠራቀመ ነው። በዝናቡ ውስጥ ያለው ከባድ ኦክሲጅን ከቀላሉ ኦክሲጅን ጋር ያለው መጠን እንደ ብርዱ ይለዋወጥ ነበር። ታዲያ ጥንት የወረደ አመዳይ ቢገኝ የጥንቱን ሙቀት አይነግረንም? ካምፕ ሴንቸሪ መለሰለት። በ1969 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ወደ መቶ ሺህ ዓመት የሚጠጋ የአየር ጠባይ ታሪክ አሳተመ።

አየሩስ? ፈረንሳዊው ክሎድ ሎሪዩስ ራሱ ሲናገር እንደኖረው፣ በ1965 አንታርክቲካ ላይ አንድ ማታ ከጉድጓድ የወጣ የጥንት በረዶ ስባሪ ውስኪያቸው ውስጥ ጨመሩ። በረዶው ሲቀልጥ አረፋው ቦግ ቦግ እያለ ወጣ። ያ አረፋ ፊርኑ የተዘጋ ዕለት የታሰረ የጥንት አየር መሆኑ ያን ጊዜ ታሰበው። በ1987 ሎሪዩስና ጓደኞቹ ከሩሲያኖቹ ቮስቶክ ጣቢያ በተገኘ ዘንግ የ160,000 ዓመት አየር ለክተው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሙቀት አብረው ሲወጡ አብረው ሲወርዱ እንደኖሩ አሳዩ። በ2008 ታሪኩ ወደ 800,000 ዓመት ደረሰ። በዚህ ሁሉ ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን እጅ 300 ብሎ አያውቅም። ዛሬ ከ420 አልፏል።

እዚህ ላይ ለኛ ለታሪክ ተማሪዎች አንድ ትምህርት አለ። ፊርን እስኪዘጋ ድረስ ከላይ ካለው አየር ጋር ስለሚተነፍስ በአረፋው ያለው አየር ከከበበው በረዶ ዕድሜ ያንሳል። በቮስቶክ ልዩነቱ በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ነው። ፖስታው አሮጌ፣ ደብዳቤው አዲስ እንደማለት ነው። ምንጭን ሳይመረምር የፖስታውን ቀን ለደብዳቤው የሰጠ ሰው ይሳሳታል። የሰነድ ሒስ የሚባለው ትምህርት ለብራና ብቻ የመሰለን ካለን ለበረዶም ነው።

ዓይኑ የጠፋ እንጀራ

የእንጀራውን ምሳሌ አደራ ብዬ ነበር። በ2011 የጸደይ ወራት በደቡብ ምሥራቅ ግሪንላንድ ፊርን የሚቆፍሩ ተመራማሪዎች አየሩ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሆኖ ሳለ መቆፈሪያቸው ከ10 ሜትር ጥልቀት ውኃ እያንጠባጠበ ወጣ። ጉድ ነው! በበጋ የቀለጠው ውኃ ወደ ፊርኑ ሰርጎ፣ በላዩ ብዙ አመዳይ እንደ ብርድ ልብስ ወርዶበት፣ ሳይረጋ ክረምቱን በውኃነቱ ከርሟል። እንዲህ ያለ የውኃ ማጠራቀሚያ በደቡብ ምሥራቁ ፊርን ውስጥ በሰፊው ተዘርግቶ ተገኘ።

በጁላይ 2012 ደግሞ የግሪንላንድ የበረዶ ገጽ ከሞላ ጎደል በሙሉ ለጥቂት ቀናት ቀለጠ። ቢቀልጥስ፣ ፊርኑ ይጠጣው የለም ወይ የሚል ይኖራል። መጠጣቱንስ ይጠጣል፤ ጣጣው የሚመጣው ከጠጣ በኋላ ነው። የገባው ውኃ ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። በምዕራብ ግሪንላንድ በብዙ ቦታ ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ በሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው የበረዶ ሰሌዳ ተጋግሯል። ዓይኑ የጠፋ እንጀራ ወጥ አይጠጣም። ከዚያ በኋላ የሚቀልጠው ውኃ ሽቅብ ቁልቁል ሳይል በሰሌዳው ላይ እየተንሸራተተ ባሕር ይገባል። የዞርገ ሕግም በዚያ ቦታ አይሠራም፤ ሬጅስትራሩ ደንቡን ለውጦታል።

ቃሉ የተወለደበት አገርስ? ስዊስ በ2022 እና በ2023 ሁለት በጋ ብቻ ከግግር በረዶዋ ይዘት አሥር በመቶ ያህል አጣች። በ2022 በብዙ ግግሮች ላይ የክረምቱ አመዳይ በሙሉ ቀልጦ ከሥሩ ያለው የቆየ ፊርን ራቁቱን ለፀሐይ ተሰጠ። የፔሮዳን አገር ሰዎች በ1818 የፈሩት አመዳዩ መክረሙን ነበር፤ ዛሬ የሚፈሩት አለመክረሙን ነው።

የኛስ ተራራ?

«ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ምናችን እንደሆነ እነሆ። በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ መንገደኛ በአዱሊስ ወደብ ከአንድ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጧል። ጽሑፉ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድል ታሪክ ነው። ንጉሡ ከዘመተባቸው አገሮች መካከል ስሜን ይገኛል፤ ተራራው የማይደረስበት፣ አመዳዩም የሰው ጉልበት ድረስ የሚያሰጥም መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ስለ አመዳይ በጽሑፍ ካወሩት የአፍሪካ ቀደምት ምስክሮች አንዱ የኛው አገር ንጉሥ ነው። ግን ያ አመዳይ ወረደ፣ ቀለጠ እንጂ ፊርን አልሆነም።

ከዚያ በብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ግን ከርሞ ነበር። በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ግግር በረዶ ገፍቶ የጣላቸው የድንጋይ ክምሮች ዛሬም ይታያሉ፤ ፔሮዳን በሸለቆው ያየው ዓይነት ማለት ነው። የሳኔቲ ሜዳ አናት በዚያ የበረዶ ዘመን በግግር ተሸፍኖ ነበር። በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ በባሌ ፊንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ፣ ወደ 3500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይመላለሱና ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ምግባቸው ፍልፈል ነበር፤ እየጠበሱ በሉት። የሚጠጡትም ከግግሩ ሥር የሚወርደውን ውኃ ነው። እንግዲህ አመዳዩ ከርሞ፣ ፊርኑ በረዶ ሆኖ፣ በረዶው ውኃ ሆኖ፣ ውኃው የባሌን ሰው አጠጥቷል። ለነዚያ ሰዎች ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም፤ ማጀታቸው ነበር። ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ብቻ ቃላቸው አብሮ ቀለጠ።

ግግርን ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው ካሜራው የሚይዘው የላዩን ንጹሕ አመዳይ ነው፤ ዘንድሮ የወረደውን። ግግሩን የሚያንቀሳቅሰው ግን ተጭኖ፣ ተጠቅጥቆ፣ ስሙን አጥቶ ከሥር ያለው የዓምናው፣ የካች ዓምናው፣ ከዚያም በፊት የወረደው ነው። በዕውቀትም ታሪክ ውስጥ እንዲሁ ነው። አጋሲ የተባለው ስም ከሥሩ ሻርፓንትዬን፣ ከሻርፓንትዬ ሥር ቬኔትስን፣ ከቬኔትስ ሥር አዳኙን ፔሮዳንን ይዟል። ከአይስሚተ ልኬቶች ሥር ደግሞ ጌታውን ቀብሮ ብቻውን በበረዶ ላይ የሄደ አንድ ወጣት አለ። እኛ መጽሐፍ ስንገልጥ በሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አንብበን የምንዘጋ ከሆነ አመዳይ አይተን ግግሩን አወቅን ማለታችን ነው። ዞርገ ያን ክረምት ያደረገውን ማድረግ ይሻላል፤ አካፋ አንስቶ በየንብሩ እየመዘኑ ወደ ታች መውረድ።